የናፍጣ ፒካፖች፦ ምን ተለወጠ?



የዚህ እትም ዋና ርዕስ በአሜሪካ ገበያ የቀረቡት ከባድ ጭነት የሚጎትቱ የናፍጣ ፒካፖች ናቸው። ተሳቢ እየጎተቱ ቤተሰብ ለሚያስተዳድሩ፣ ወገኖቻችንን ጨምሮ፣ ጉዳዩ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

የፎርድ ሱፐር ዱቲ ከፍተኛው 6.7 ሊትር ሞተር ከ2023 ሞዴል ጀምሮ 500 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። የጂኤም 6.6 ሊትር ዱራማክስ በ2024 ሞዴል ከ445 ወደ 470 ከፍ ብሏል። ራም በ2025 ሞዴሉ የከሚንስን ሞተር 430 አድርሶ፣ ባለ 6 ማርሹን አውቶማቲክ ካምቢዮ ባለ 8 ማርሽ በሆነ የዜድኤፍ ካምቢዮ ተክቶታል።

እኔን ይበልጥ ያስደሰተኝ ግን ከቁጥሮቹ ጀርባ ያለ አንድ ለውጥ ነው። በከሚንሱ ሞተር ላይ በብርድ ጊዜ የሚገባውን አየር ያሞቅ የነበረው ፍርግርግ ማሞቂያ ወጥቶ በካንዴሌታ ተተክቷል። በቀድሞው አሠራር የማሞቂያው ቡሎን በሙቀት ተበልቶ ሊቆረጥና ወደ ሞተሩ ሊገባ ይችል ነበር፤ ሲሊንደር ውስጥ የገባ ቡሎን ደግሞ ፒስተኑንም ቴስታታውንም ያበላሻል። እንዲህ ያለው ማሻሻያ በማስታወቂያ ጎልቶ ባይነገርም የባለንብረቱን ኪስ ያድናል።

ለመግዛት ያሰባችሁ ሁሉ፣ ከመፈረማችሁ በፊት በሾፌሩ በር ማዕቀፍ ላይ የተለጠፈውን የጭነት ልክ አንብቡ። ተሳቢው በፒካፑ ላይ የሚጥለው ክብደት፣ ተሳፋሪውና ዕቃው ተደምረው ከዚያ ልክ ማለፍ የለባቸውም።



አዘጋጁ