የእናት ዕረፍት በወንፈል ቢሆንስ?

በጅቡቲ ከተማ የሰኔ ሙቀት ሲገባ አቅም ያለው ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ ደጋው ይወጣል። ሱቋን ዘግታ መሄድ የማትችል እናት ግን ኸምሲን የሚባለው ትኩስ ነፋስ እስኪያልፍ እዚሁ ትቆያለች። ጠዋት ገበያ፣ ቀትር ላይ ምግብ ማብሰል፣ ማታ ከአገር ቤት ደንበኛ ጋር ስልክ። መቼ ነው የምታርፉት ብንባል አብዛኞቻችን "አገር ቤት ስንገባ" እንላለን።

እስቲ እውነቱን እንነጋገር። አገር ቤት መግባት ዕረፍት ነው? ከሻንጣው ግማሹ የደንበኛ ዕቃ፣ ግማሹ የዘመድ ስጦታ ነው። ደወሌ እስክናልፍ ሐሳባችን ቀረጡ ላይ ነው። ከደረስን በኋላ ደግሞ ያልደረስነው ለቅሶ አለ፣ የሚጠየቅ ሕመምተኛ አለ፣ ብድር የሚፈልግ ዘመድ አለ። ስንመለስ ከሄድንበት ቀን ይልቅ ደክመን ነው።

ወጋችን የእናትን ዕረፍት የማያውቅ ሆኖ አይደለም። አራስ ቤት ላለች ሴት፣ ክርስቲያንም ሆነች ሙስሊም፣ ገንፎውና አጥሚቱ ይቀርብላታል፤ ማንም ሰነፈች አይላትም። ጸበል የገባችውንም ለምን ሥራ ፈታች የሚላት የለም። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ለተቀጠረች እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከነደመወዟ ይሰጣታል። እኛ ግን አሠሪውም ሠራተኛውም ራሳችን ስለሆንን ፈቃድ የሚፈርምልን የለም። ልጇ አሥር ዓመት ከሞላው በኋላ ለደከመች እናትማ ወጉም ሕጉም ዝም ይላል።

ንግድ ሥራ የተማርን ሰዎች ለማንኛውም የሥራ መሣሪያ በየዓመቱ የእርጅና ተቀናሽ እንደሚያዝ እናውቃለን። ለማቀዝቀዣው መጠገኛ እናስቀምጣለን። ሱቁን ለምታንቀሳቅሰው ሴት ግን በመዝገባችን ላይ አንድም መስመር የለም።

በቢሾፍቱ ሐይቆች ዳር ማሳጅና እንፋሎት ያላቸው ማረፊያዎች አሉ። ለቻለ ሰው ጥሩ ናቸው። የእኛ ትልቁ ችግር ግን ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡን ቢያንስ አንዳንዴ ዕቁብ ይሰጠናል። ያጣነው የሚተካንን ሰው ነው። ሱቁ ላይ ማን ይቀመጥ? ልጆቹን ከትምህርት ቤት ማን ያምጣ? ዱቤውን ማን ይሰብስብ?

ለዚህ ገበሬው ወገናችን ከጥንት ጀምሮ መልስ አለው፦ ወንፈል። ዛሬ የአንዱ፣ ነገ የሌላው ማሳ በጋራ ጉልበት ይታረማል። እኛም እንዲሁ ብናደርግስ? ስድስት የምንተማመን እናቶች እንሰባሰብ። ሁለት ሁለት እየሆንን ሦስት ሦስት ቀን እንረፍ፤ አራቱ ሱቁን፣ ልጆቹን፣ ድስቱንና ሒሳቡን ይከፋፈሉ። ሁለት መሆኑ የሚያስፈልገው ብቸኝነትም ስለሚያደክም ነው፤ የልብን የሚጫወቱት ጓደኛ ከአልጋው እኩል ያሳርፋል።

ቦታው ሩቅ መሆን የለበትም። ከከተማችን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ተራራው ላይ ያለችው አርታ ከዚህ ትቀዘቅዛለች። ቀኑን ማርዘም የቻለች በባቡር ከናጋድ ተነሥታ ድሬዳዋ ትውረድ፤ አዲስ አበባ የዘለቀችም ፍል ውኃ ትታጠብ። ግን ደንብ ይኑረን፦ በእነዚያ ቀናት ዕቃ አይጫንም፣ የደንበኛ ስልክ የምታነሣው ተተኪዋ ናት።

"ካዝናዬን ለሰው እንዴት ልስጥ?" የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። ስጋቱ ተገቢ ነው። ታዲያ ጠዋት ተቆጥሮ፣ ማታ ተቆጥሮ፣ ሁለቱም ይፈርሙበት። በዕቁብ ስንት ሺህ ፍራንክ ከዚህ ባነሰ ወረቀት እንተማመናለን! አባቶችም ቢሆኑ ሦስት ቀን ከልጆቻቸው ጋር ማደር አያቅታቸውም።

አንድ ነገር ግን ይለይ። አርፋም እንቅልፍ የሚነሳት፣ ዕንባ የሚቀድማት እናት ካለች ዕረፍት ብቻ አይበቃትም፤ ሐኪም ዘንድ እንውሰዳት።

የሚቀጥለው የዕቁብ ቀን ሲደርስ ከገንዘቡ ዕጣ ጎን የዕረፍት ተራም ይውጣ። ዳኛዋም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ስሞች ትመዝግብ።