ተመልሶ የመጣ ሳይንቲስት፣ የተሰደደ ግኝት

በኢትዮጵያ የሳይንቲስቶች ከአገር አገር መዘዋወር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው «የተማረ ሰው ፍልሰት» ተብሎ ሲሆን፣ ሒሳቡም ሄደው የቀሩትን በመቁጠር ይዘጋል። የዶክተር አክሊሉ ለማ ታሪክ ግን ሰውዬው አገሩ ተመልሶ የደረሰበት ግኝት እንኳ ሊሰደድ እንደሚችል ያሳያል።

በአሜሪካ የተማሩት አክሊሉ ቢልሃርዚያን፣ ማለትም በውሃ ቀንድ አውጣ አማካይነት ሰውን የሚይዘውን የጥገኛ ትል በሽታ ሲያጠኑ፣ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ወረድ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አገኙ፤ ከዘመናት ጀምሮ ለልብስ ማጠቢያ ያገለገለው ፍሬ የበሽታውን አስተላላፊ የሚገድል ሆኖ ተገኘ። ጥናቱ ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ቀጥሎ፣ ሁለቱም በ1989 እ.ኤ.አ. «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ።

ሽልማቱ የመጣው ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ መሆኑ ሳያንስ፣ እንዶድ ያን ጊዜም በስፋት የሚሸጥ መድኃኒት አልሆነም ነበር። የምርምርን ውጤት ከዩኒቨርሲቲ አውጥቶ ወደ ገበያ ማድረስ፣ ምሁራዊ ሥራ ፈጠራ የሚባለው፣ የመርዛማነት ፍተሻ የሚያካሂድና በዓለም ደረጃ ተቀባይነት ያለው ቤተ ሙከራ፣ ገንዘቡን የሚያወጣ ባለሀብትና የፈጠራ ባለቤትነትን የሚያስመዘግብ ሕግ ይጠይቃል፤ ሕጉ እንኳ በኢትዮጵያ የወጣው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው።

በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ግን በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የውሃ ቧንቧ የሚደፍነውን፣ ዜብራ መስል የተባለውን ባለ ዛጎል እንስሳ እንዶድ እንደሚገድል ተረጋገጠና የኦሃዮው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በዚህ አገልግሎት ላይ ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ አወጣ። ዩኒቨርሲቲውን ሌባ ማለት ይቀላል፤ ይሁንና የሠራው በአገሩ ያለ ዩኒቨርሲቲ ሁሉ የሚሠራውን ነው፣ ቅሬታው ይበልጥ የሚገባው ለፓተንት ሕጉ ነው። ፓተንት የሚሰጠው ለአዲስ ነገር ብቻ በመሆኑ፣ አክሊሉ ግኝታቸውን በሕክምና መጽሔት ለዓለም በነፃ ካሳተሙ በኋላ እንዶድ ቀንድ አውጣ ይገድላል የሚለው እውቀት ለማንም ተመራማሪ የማይመዘገብ የጋራ ሀብት ሆነ፤ ለምዝገባ የቀረው ያንኑ እውቀት ተመርኩዞ የሚገኝ አዲስ ጥቅም ነው፣ እሱም ቤተ ሙከራውና ጠበቃው ቀድመው ለተዘጋጁለት ወገን የተመቸ ነው። የዓድዋ ሴቶች ድርሻማ በየትኛውም የማመልከቻ ቅጽ ላይ ቦታ አልነበረውም።