የጨዋ ልጅና የካሚዮን ሙያ

ስለ ልጆች አስተዳደግ በተነጋገርን ቍጥር ከወላጆች አፍ ደጋግመን የምንሰማው አንድ ቅሬታ አለ። ይኸውም «ልጄን ለቢሮ ብዬ አስተማርሁት፤ የርሱ ልብ ግን ከጋራዥ ነው፤ ምን ይሻለኛል?» የሚል ነው። አባት የተከበረ ሹም፥ እናትም የትልቅ ሰው ልጅ በሆኑበት ቤት፥ ልጁ ናፍታ የነካው ልብስ ለብሶ ሲገባ የሚሰማው ኀፍረት ቀላል አይደለም። ዛሬ ይህ ኀፍረት የሚገባ መሆኑንና አለመሆኑን ለመመርመር ፈቅደናል።

ለምርመራችን ወልድያን የመሰለ ስፍራ አይገኝም። ከደሴ የሚመጣው መንገድ በውጫሌና በውርጌሳ፥ በመርሳና በስሪንቃ አልፎ ወደ ከተማዪቱ ይገባል። ከዚያም አንዱ በቆቦና በአላማጣ ወደ መቀሌ ይዘልቃል፤ ሌላው የድልብን ዳገት ወጥቶ በጋሸና በኩል ወደ ደብረ ታቦር ይሄዳል። በ1933 ዓ.ም. በሚያዝያና በግንቦት፥ በእንግሊዞች የበላይ አዛዥነት ሥር የነበረው የደቡብ አፍሪቃ ጦር ከደሴ ተነሥቶ ወደ አምባ አላጌ የወጣው በዚሁ በወልድያ መንገድ ነው። ከዚያ ወዲህም ኤንትሬ የሚባለው የፊያት ካሚዮን እህልና ጨው ጭኖ ለብዙ ዓመት ተመላልሶበታል። ካንዴላ፥ ፍሪሲዮን፥ ክሪክና ጎሚስታ የሚሉት የጣልያን ቃላት የአማርኛችን ቤተኞች የሆኑት በዚህ ሙያ ምክንያት ነው።

በዚህ መንገድ ላይ ሙያ ማለት ነፍስ ማዳን ነው። የተጫነ ካሚዮን በድልብ ዳገት ላይ ኀይል ሲያጥረው ረዳቱ ወርዶ ከኋላው ጎማ ሥር ታኮ ያደርጋል፤ ታኮው አንድ አፍታ ቢዘገይ መኪናው ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ቍልቍለቱን ሲወርድም ዐዋቂ ሾፌር አስቀድሞ ከባድ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዘው ያደርጋል። ያልተማረው ግን በፍሬን ብቻ ይታመናል፤ ፍሬኑም ግሎ በመጨረሻ አልይዝ ይላል። እንግዲህ በሁለቱ ሾፌሮች መካከል ያለው ልዩነት የዕውቀት እንጂ የዕድል አይደለም።

ስለ ክሬንም ነገሩ እንዲሁ ነው። እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ስካሜል የተባለውን ከባድ መኪና ሠርተው፥ በስተኋላው የማንሻ ክንድ አቁመውለት፥ የተሰበሩ መኪናዎችን ያነሡበትና ይጎትቱበት ነበር። ፍጥነቱ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ፥ ጕልበቱ ግን እጅግ የበረታ ነበር። ደግሞም ኮልስ የተባለውን ክሬን በቶርኒክሮፍት ካሚዮን ጀርባ ላይ አኑረው የተጐዱ አይሮፕላኖችን ያነሡበት ነበር። በዚህ ክሬን ሞተሩ ዲናሞ ያዞራል፤ ዲናሞውም ኤሌክትሪክ አመንጭቶ ማንሻውንና ማዞሪያውን ያንቀሳቅሳል።

የክሬን ዋና ሕግ አጭር ነው፤ ክንዱ በራቀ መጠን የሚያነሣው ሸክም ያንሳል። ከሚገለበጥበት ጠርዝ በ2 ሜትር ርቀት 5 ቶን የሚያነሣ ክሬን፥ በ4 ሜትር ርቀት ላይ 2 ቶን ተኩል ብቻ ያነሣል፤ የክንዱ የራሱ ክብደት ሲታሰብ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ይሆናል። ይህን ሒሳብ የማያውቅ ሰው «ትናንት አንሥቶታል፥ ዛሬም ያነሣዋል» ብሎ ክንዱን ቢያስረዝም፥ መኪናው ከነሠራተኛው ይገለበጣል። ስለዚህ ክሬን የሚያንቀሳቅሰው እጅ ሒሳብ የተማረ እጅ መሆን አለበት።

«ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ለጨዋ ልጅ አይገባም» የሚል ቢኖር፥ ከቤተ መንግሥት የተገኘ ምሳሌ እናቀርብለታለን። የእንግሊዝ ንጉሥ የጆርጅ 6ኛ ልጅ ልዕልት ኤልሳቤጥ በ1937 ዓ.ም. ዕድሜዋ 18 ሲሆን በሴቶች የጦር ረዳት ክፍል ገብታ የሾፌርነትና የመካኒክነት ትምህርት ተምራለች። ጎማ መለወጥና ሞተር መፈታታትን በገዛ እጇ ሠርታለች፤ አባትና እናቷም ወደ ማሠልጠኛው ሄደው ሥራዋን ተመልክተዋል። ይህች ልዕልት በኋላ ንግሥት ሆና በ1957 ዓ.ም. አገራችንን ጐብኝታለች። በቅባት የተነካው እጅ ዘውድ ለመጫን አላሳፈራትም።

የራሳችንን አገር ታሪክ ብንመለከትም ትምህርቱ አንድ ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌ የተባለ እንግሊዛዊ አንድ አውቶሞቢል ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ አደረሰ፤ ዐፄ ምኒልክም ተቀመጡበት። በዚያው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ ባለ እጅን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አወጁ። ብረት ቀጥቃጩን፥ ሸማኔውንና ፋቂውን የሚያዋርድ ሰው ንጉሡን እንዳዋረደ እንዲቈጠር አደረጉ። እንግዲህ አባቶቻችን መኪናን በተቀበሉበት ዓመት የባለ እጅንም ክብር ተቀብለዋል ማለት ነው፤ እኛ አንዱን ይዘን ሌላውን ልንተው አይገባንም።

የንቀቱ ጕዳት በቤት ብቻ አይቀርም። መኪናን የማያውቅ ሹም የመኪናውን መግዣ ወረቀት ይፈርማል፤ መለዋወጫው የሚገኝ መሆኑን ግን አይጠይቅም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በአንዲት ጥርስ ማርሽ ምክንያት ብዙ ገንዘብ የወጣበት ካሚዮን በግቢ ውስጥ ቆሞ ሣር ይበቅልበታል።

ስለዚህ ለወላጆች የምንመክረው ይህ ነው። ልጁ ሙያውን ቢወድ አትከልክሉት፤ ነገር ግን ትምህርቱን አቋርጦ በልጅነቱ በጭነት ላይ የሚንጠለጠል ረዳት እንዲሆን አትፍቀዱለት። አስቀድሞ ሒሳብና ፊዚክስ ይማር፤ ከዚያም በቴክኒክና በሙያ ትምህርት ቤት ወይም በዩኒቨርስቲ ዕውቀቱን ያጽና። ለወልድያ ልጅ በ2004 ዓ.ም. የተቋቋመው ዩኒቨርስቲ በደጁ ነው። ለሥራ ልምምድ ስትሰጡትም ምክንያቱን እየነገረ የሚያሠራ መምህር ፈልጉለት፤ እየጮኸ ብቻ የሚያዝዝ ጌታ አያሳድገውምና። ዘይት የተለወጠበትንና ፍሬን የተመረመረበትን ቀን በደብተር መጻፍን ያስለምዱት። ይህን ሙያ የምትወድ ሴት ልጅም ብትኖራችሁ የልዕልቲቱን ነገር አስታውሱ።

ልጃችሁ ማታ ወደ ቤት ሲመለስ ስለ ልብሱ ከመቈጣታችሁ በፊት፥ በዚያ ቀን ምን እንደ ጠገነ ጠይቁት። ጥያቄአችሁ ክብር እንዲሰማው ያደርገዋል፤ በሥራው የሚከበር ልጅም የቤቱን ስም ያስከብራል እንጂ አያዋርድም።