በፍሳሽ የሚሄደው ብረትና የእኛ ድርሻ

እንደሚታወቀው እስራኤል ውኃ ያጠራት አገር ናት። ስለዚህ ከየቤታችን የሚወጣው ፍሳሽ አይጣልም፤ ከመቶ 85 እጅ በላይ የሚሆነው ተጣርቶ ወደ እርሻ ይመለሳል። በሪሾን ሌጽዮን አጠገብ የሚገኘው ሻፍዳን የተባለው ማጣሪያ ከቴል አቪቭና ከአካባቢዋ ከተሞች ከሁለት ሚሊዮን በላይ የሆነ ሕዝብ ፍሳሽ ይቀበላል። ውኃው በአሸዋ ውስጥ ሰርጎ ከጠራ በኋላ በቧንቧ ወደ ኔጌቭ እርሻዎች ይሄዳል። እንግዲህ ዛሬ ወደ ፍሳሹ የምንደፋው ነገር ነገ ከማዕዳችን ጋር ሊገናኝ ይችላል ማለት ነው።

ይህን ሥራ የሚሠራው መሣሪያ ብቻ አይደለም። ዋናውን ሥራ የሚሠሩት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ከሽንትና ከምግብ ትራፊ የሚመጣው አሞኒያ ወንዝ ከገባ ዓሣ ይገድላል። አንዱ ወገን ባክቴሪያ፣ ናይትሮሶሞናስ የሚባለው፣ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል። ሌላው ወገን፣ እነ ናይትሮባክተርና ናይትሮስፒራ፣ ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ችግሩ እነዚህ ባክቴሪያዎች ለመራባት ዝግተኞች መሆናቸው ነው። ሌሎቹ በጥቂት ሰዓታት እጥፍ ሲሆኑ እነዚህ አንድ ቀንና ከዚያም በላይ ይፈጅባቸዋል። አንድ ጊዜ ከተጎዱ ለማገገም ሳምንታት ሊወስድባቸው ይችላል።

ከጠላቶቻቸው መካከል መዳብ፣ ኒኬል፣ ዚንክ፣ ካድሚየም፣ ክሮሚየምና ሜርኩሪ ይገኛሉ። ብረቱ ወደ ባክቴሪያው ገብቶ ሥራ የሚሠራበትን ኤንዛይም ይይዝበታል። መዳብ በጥቂቱ ለራሱ ለኤንዛይሙ ያስፈልጋል፤ ሲበዛ ግን መርዝ ነው። ብረቱ ጥቂት በጥቂት ሲመጣ ባክቴሪያዎቹ በመጠኑ ሊለምዱት ይችላሉ፤ በአንድ ጊዜ ሲደፋባቸው ግን ሥራቸው ይቆማል፤ አሞኒያውም ሳይለወጥ ያልፋል።

የጎንደር አንጥረኛ አባቶቻችን እንደሚያውቁት ብረት ይቀልጣል እንጂ አይጠፋም። በማጣሪያውም እንዲሁ ነው። ከውኃው የተለየው ብረት በዝቃጩ ውስጥ ይከማቻል፤ መጠኑ ከተፈቀደው ካለፈ ዝቃጩ ለእርሻ ማዳበሪያ ሊውል አይችልም።

ሕግ የለም አንልም። እ.ኤ.አ. በ2010 የተጣራ ውኃ የጥራት ደንብ ወጥቷል። በ2011 ፋብሪካዎች ወደ ፍሳሽ መስመር የሚለቁትን የሚወስን ደንብ ተከተለ። በ2012 የወጣው ሕግ ደግሞ ትልልቅ ፋብሪካዎች የሚለቁትን እንዲያስታውቁና ሕዝብ እንዲያየው ያዛል። ሆኖም ናሙና በየሰዓቱ አይወሰድም። ብረት የሚለብጥ ፋብሪካ ያረጀ መንከሪያውን በሌሊት ቢደፋ፣ በማግሥቱ የሚታየው የአሞኒያው መጨመር እንጂ ደፊው አይደለም። ፋብሪካው የማስወገጃውን ወጪ ያተርፋል፤ ኪሣራው ግን የውኃና የፍሳሽ ሒሳብ በሚከፍለው ቤተሰብና በገበሬው ላይ ይወድቃል።

እኛ በማኅበራዊ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ይህን ጉዳይ የምናነሣው ስለዚህ ነው። በርሜሉን የሚደፋው ብዙውን ጊዜ ባለቤቱ ሳይሆን የጽዳት ወይም የሌሊት ሠራተኛው ነው። ከወገኖቻችንም በዚህ ሥራ የሚተዳደሩ ብዙ ናቸው። «ድፋው» የተባለ ሰው በርሜሉ ላይ የተጻፈውን ዕብራይስጥ ማንበብ ካልቻለ፣ የሚደፋውንም ሆነ እጁን የሚነካውን አያውቅም። ስለዚህ አሠሪዎች መመሪያውን ሠራተኛው በሚገባው ቋንቋ ሊያስረዱት ይገባል። በ1997 የወጣው የሠራተኞች ጥበቃ ሕግም በሥራ ቦታው የተፈጸመ የሕግ ጥሰትን በቅን ልቦና ለሚመለከተው ባለሥልጣን ያመለከተ ሠራተኛ በዚሁ ምክንያት እንዳይባረር ይከላከልለታል።

ውድ አንባብያን፣ በቤታችንም ያለቀ ባትሪ፣ የተረፈ ቀለምና ከተሰበረ ቴርሞሜትር የፈሰሰ ሜርኩሪ ወደ ሽንት ቤትና ወደ መታጠቢያ አይጣል። በሥራ ቦታ አጠራጣሪ ነገር ሲደፋ ያየ ሰው ለአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር በ*6911 ሊያመለክት ይችላል። ዕብራይስጥ የሚከብዳቸው ወላጆች ሲደውሉ ልጆቻቸው አጠገባቸው ሆነው ይርዷቸው እንላለን።