በላይብረሪ ቅጥር ያልተጻፈ አይቆጠርም

ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። ኮዱን የምጽፈው ግን አሜሪካ ውስጥ ላለ አንድ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ስለሆነ፣ ላይብረሪያን ሲቀጠር ከመራጭ ኮሚቴው አባላት አንዱ ሆኜ የምቀመጥበት ጊዜ አለ። የማንንም ምስጢር ሳላወጣ ከዚያ ወንበር ያየሁትን ልናገር፦ የእኛ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት ዕውቀት አንሷቸው አይደለም። ያላቸውን ስለማይናገሩ ነው።

በሶፍትዌሩ ዓለም አንድ ሲቪ ለመቶ ቦታ ይበተናል፤ የማመልከቻ ደብዳቤ የሚያነብም የለም ማለት ይቻላል። ላይብረሪ ሌላ አገር ነው። ማስታወቂያው ላይ «ግዴታ» እና «ተመራጭ» ተብለው የተዘረዘሩት መስፈርቶች እንዳሉ ሰንጠረዥ ውስጥ ይገባሉ። እያንዳንዱ አባል የአመልካቹን ደብዳቤና ሲቪ ይዞ በየመስመሩ «አሟልቷል»፣ «አላሟላም» እያለ ይሞላል። «አዲስ አበባ ሦስት ዓመት ቤተ መጻሕፍት ከሠራች መቼም ካታሎግ ማድረግ ታውቃለች» ብሎ መገመት ክልክል ነው። ለአንዱ ከተገመተ ለሌላውም መገመት አለበትና። ስለዚህ ማስታወቂያው «በአንባቢዎች አገልግሎት ልምድ ያለው» ካለ፣ ደብዳቤው ውስጥ ያንኑ ቃል ይዞ የሚጀምር አንቀጽ ይኑር። የት፣ መቼ፣ ለማን፣ ምን እንደሠራችሁ ይግባበት። ድግግሞሽ ይመስላል፤ ይምሰል። አንድ ደብዳቤ ሁለት ማታ ቢፈጅ አይግረማችሁ፤ ከሃምሳ ብትን ማመልከቻ እንደዚህ የተሠራ አምስት ይሻላል።

ከዚህ የሚከብደው ግን «እኛ» የምትለዋ ቃል ናት። ባደግንበት ቤት ራስን ማሞገስ ነውር ነው። «እኔ ነኝ የሠራሁት» የሚል ሰው ጉረኛ ይባላል፤ እናም ቃለ መጠይቅ ላይ «ሥርዓቱን ቀይረነው ነበር»፣ «አደራጅተነዋል» እንላለን። ፈረንጁ ወረቀቱ ላይ «ከቡድን ጋር ሠርታለች» ብሎ ይጽፍና ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል። ልጅቷ ብቻዋን ስድስት ወር ለፍታ ያደረገችው ሊሆን ይችላል፤ ማን ያውቃል? ያልተባለውን ማንም አያውቅም። «ቡድኑ አራት ሰው ነበር፤ የእኔ ድርሻ የድሮውን የካርድ ካታሎግ ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ነበር» ማለት ጉራ አይደለም፤ ሪፖርት ነው። ትሕትናችሁን አትጣሉ፤ ድርሻችሁን ግን ቁረጡና ተናገሩ።

የመጀመሪያው ዙር አብዛኛውን ጊዜ በዙም ነው። እዚያ ላይ ሰው የሚያስደነግጠው ዝምታው ነው። ጥያቄው ይነበባል፣ ትመልሳላችሁ፣ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል፣ ሌላ ጥያቄ ይነበባል። «አልወደዱኝም» ብሎ መልሱን ማሳጠር የሚጀምር ብዙ ነው። ነገሩ ሌላ ነው፤ ለሁሉም ተወዳዳሪ አንድ ዓይነት ጥያቄ በአንድ ቅደም ተከተል እንዲቀርብ ስለተወሰነ ጨዋታ የሚጨምር የለም። ጥያቄው ይደገምልኝ ማለት ይቻላል። አስቀድመው የሚልኩ ቦታዎችም አሉ፤ መጠየቅ አይጎዳም።

በዩኒቨርሲቲዎች ሁለተኛው ዙር ሙሉ ቀን ሊወስድ ይችላል። ፕሬዘንቴሽን አለ፣ ከየክፍሉ ጋር ስብሰባ አለ፣ ምሳም አለ። ምሳውም ኢንተርቪው ነው። ጾም ከሆነ «ቪጋን» ብላችሁ ቀደም አድርጋችሁ አሳውቁ፤ በባዶ ሆድ ከሰዓት በኋላ ዲኑ ፊት መቀመጥ አይመከርም።

ስለ ዲግሪው አጭር ነገር ልበል። አሜሪካ ውስጥ ላይብረሪያን ለመባል በአብዛኛው የአሜሪካ ላይብረሪ ማኅበር ዕውቅና ከሰጠው ፕሮግራም የተገኘ ማስተርስ ይጠየቃል። ያለዚያ መጽሐፍ ማዋሻው ጋ ዐሥር ዓመት ቢሠራም ረዳት ተብሎ መቅረት አለ። ከሌላ አገር በሚመለከተው አካል ዕውቅና ካለው ፕሮግራም የተገኘ ማስተርስንም ማኅበሩ ይቀበላል፤ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዘርፉ የተመረቃችሁ፣ ከመመዝገባችሁና ብር ከመክፈላችሁ በፊት ቀጣሪውን ጠይቁ። በተማሪ ቪዛ ያላችሁ ደግሞ ፕሮግራሙ በየትኛው ኮድ እንደተመዘገበ አጣሩ፤ ከምረቃ በኋላ ያለው የአንድ ዓመት የሥራ ፈቃድ 24 ወር የሚጨመርበት የስቴም ኮድ ከሆነ ነው። ደመወዙ ከሶፍትዌር ያንሳል፤ አልዋሽም።

ታዲያ ለምን እጨነቃለሁ? የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ናይሮቢ ያለው ቢሮው ከ1966 ጀምሮ ከምሥራቅ አፍሪካ፣ ከእኛም አገር ጭምር መጻሕፍት ይሰበስባል። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛ አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። መጽሐፉም አንባቢውም አለ። መሐል ላይ ያለው ሰው ነው የጎደለው። የካታሎግ ደንቡ ኢትዮጵያዊ የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም እንደሌለው ያውቃል፤ ሀዲስ ዓለማየሁ የሚገኙት «ሀዲስ» ተብሎ ነው። ግን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በላቲን ፊደል ለመፈለግ «ቀ» በየትኛው ፊደል እንደተተካ ማወቅ ያስፈልጋል። እዚህ የተወለደ ልጅ እንደሰማው ጽፎ ፈልጎ፣ አጥቶ፣ «የለም» ብሎ ይሄዳል። መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ ርእሱን በራሱ ፊደል መጻፍ ይቻላል፤ ሶፍትዌሩ ችግር የለበትም፣ ይህን በሙያዬ እናገራለሁ። የሚጽፈው ሰው ነው የሚያስፈልገው።

እናንተ ደግሞ ሲቪያችሁ መጨረሻ ላይ «አማርኛ፦ የአፍ መፍቻ» ብላችሁ ታልፋላችሁ! ያች መስመር ለሰንጠረዡ ምንም አትነግረውም። «የአማርኛና የግዕዝ ፊደል ያላቸውን መጻሕፍት መዝገብ መፈተሽና ማረም እችላለሁ፣ አማርኛ ተናጋሪ አንባቢ ሲመጣ በቋንቋው አስተናግዳለሁ» ብትሉ ግን ሌላ ነገር ነው። አማርኛን በግዴታ የሚጠይቅ ቦታ በጣም ጥቂት መሆኑንም እወቁ። አብዛኛው ሥራ የማጣቀሻ አገልግሎት፣ የሕፃናት ክፍል፣ የዳታ ሥራ ነው፤ ለእሱ አመልክቱ፣ አማርኛው ተጨማሪ ሆኖ ይቁም።

ቅጥሩ ደግሞ ቀርፋፋ ነው፤ ማስታወቂያው ከተዘጋ በኋላ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። ዝም ሲሉ ተስፋ ቆርጣችሁ ሌላውን ማመልከት እንዳታቆሙ፣ አንዱን ብቻም ተማምናችሁ እንዳትቀመጡ። ቃለ መጠይቁ ሲያልቅ «አንተስ የምትጠይቀን አለ?» ይባላል፤ የእኛ ሰው «የለኝም፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ይነሣል። ቢያንስ ይህችን ጠይቁ፦ «የአማርኛ መጻሕፍት ካሏችሁ ካታሎግ የሚያደርጋቸው ማን ነው?» እኔ ባለሁበት ክፍል ብትጠየቅ እርስ በርስ ነው የምንተያየው።