የአዛውንቶቻችንን ዓይን «እርጅና ነው» ብለን አንተው



በመድኃኒት ቤት ለምንሠራ ሰዎች በጣም ከለመድናቸው ጥያቄዎች አንዱ «እህቴ፣ ለአባባ ዓይን የሚሆን ጠብታ ስጪኝ» የሚለው ነው። አባባ አብረው አልመጡም። ምን ይላቸዋል ብለን ስንጠይቅ «እርጅና ነው፤ ሞራ ይሆናል» ይባላል። በእኔ እምነት ይህች መልስ ብዙ ዓይን አስጠፍታለች። ሞራ ያልሆነ፣ በጠብታ የማይድን፣ ከዘገየም የማይመለስ የዓይን ሕመም አለና። ስሙም ከዕድሜ ጋር የሚመጣ የማኩላ መጎዳት ይባላል።

ማኩላ በዓይናችን የኋላ ግድግዳ፣ በሬቲና መሀል ያለች ትንሽ ቦታ ናት። የሰው ፊት የምንለየው፣ ፊደል የምናነበው፣ መርፌ ላይ ክር የምናስገባው በእሷ ነው። በ1998 ዓ.ም. በአገራችን በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ምክንያቶች ግማሽ ያህሉን የያዘው የዓይን ሞራ ነበር። የማኩላ መጎዳት ድርሻ 5 ከመቶ ገደማ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይምሰል እንጂ ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ በሞራ የተጋረደ ዓይን በቀዶ ሕክምና ይመለሳል፣ የሞተ ማኩላ ግን አይመለስም።

ምልክቶቹ

ሙሉ ዓይነ ስውርነትን ሁላችንም እናውቃለን፤ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ያለባት የሰበታ ሰው ደግሞ በተለይ ያውቀዋል። ይህኛው ግን የሚወስደው መሀሉን ብቻ ስለሆነ ቤተሰብ አያስተውለውም። አባት መንገዱን አይተው፣ ድንጋዩን አልፈው መስጂድ ይደርሳሉ። ሰላም ያላቸውን ሰው ግን በድምፁ እንጂ በፊቱ አይለዩትም። ቁርኣን ሲቀሩ ከመስመሩ መሀል ፊደል ይጠፋባቸዋል፣ ቀጥ ያለው መስመር ይጎብጥባቸዋል። ዓይናቸው አይቀላም፣ አያማቸውም። ስለዚህ «ሲፈልጉ ያያሉ» እያልን እናማቸዋለን።

ሕመሙ ሁለት ዓይነት ነው። አብዛኛው ደረቁ ሲሆን በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ይብሳል። እርጥቡ ግን ከማኩላ ሥር ደካማ የደም ሥሮች በቅለው ደምና ፈሳሽ ሲያፈስሱ የሚመጣ ነው፤ በሳምንታት ውስጥ ዕይታን ሊወስድ ይችላል። ለዚህኛው በዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌ አለ። የሚጠቅመው ግን ቶሎ ከተደረሰ ነው።

ይበልጥ የሚያጋልጡ ነገሮች

ዋናው ዕድሜ ነው፤ ከ50 ዓመት በኋላ ሥጋቱ እየጨመረ ይሄዳል። በቤተሰብ ውስጥ ሕመሙ ካለም ያሰጋል። እነዚህን መለወጥ አንችልም። በእጃችን ካሉት ቀዳሚው ሲጋራ ነው። የደም ግፊትና ከመጠን ያለፈ ውፍረትም አሉበት። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ዓሣና የእንቁላል አስኳል ለሬቲና ይስማማሉ፤ ጎመን ደግሞ ከማንም ጓሮ አይጠፋም።

ከጂዳ ወይም ከዱባይ ዘመድ ስለላከው «የዓይን ቫይታሚን» አንድ ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. በ2001 ይፋ የሆነ የአሜሪካ ጥናት ቫይታሚን ሲ፣ ቫይታሚን ኢ፣ ቤታ ካሮቲን፣ ዚንክና መዳብ በአንድነት ሲወሰዱ ሕመሙ ወደ ከባድ ደረጃ የመድረስ ዕድሉን በ25 ከመቶ ገደማ እንደሚቀንሱ አሳይቷል። ይህ የሚሠራው ግን መካከለኛ ደረጃ ላይ ለደረሱ ሕመምተኞች ነው። ጤነኛውን ከሕመሙ አይጠብቅም፣ የጠፋ ዕይታም አይመልስም። ቤታ ካሮቲን ያለበት ደግሞ ለሚያጨስ ሰው የሳንባ ካንሰር ሥጋት ይጨምራል። ስለዚህ ሳይመረመሩ አይዋጥ።

ምን እናድርግ?

የልጆችን ባለካሬ ደብተር ገልጣችሁ በገጹ መሀል አንድ ነጥብ አድርጉ። አዛውንቱ የማንበቢያ መነጽራቸውን አድርገው፣ አንዱን ዓይን ሸፍነው ነጥቡን ይዩ፤ ከዚያ በሌላው ዓይን ይድገሙት። ሁለቱን ዓይን በየተራ መሸፈኑ ግድ ነው፤ ደህነኛው የታመመውን ይሸፍንለታልና። መስመሩ ከጎበጠ ወይም መሀሉ ከጠፋ «ነገ እናያለን» አይባልም። ድንገት የመጣ ከሆነ በዚያው ሳምንት ወደ ዓይን ሐኪም ይኬዳል። ከሰበታ፣ ከቡራዩም ሆነ ከሱሉልታ አዲስ አበባ ቅርብ ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በዓይን ሕክምና የታወቀ ነው።

ሰብር መልካም ነው። ሰብር ማለት ግን ሳይመረመሩ ቤት መቀመጥ አይደለም። ለጠብታ የምናወጣውን ገንዘብ ለታክሲ እናድርገው፤ አባባንም እማማንም ይዘን እንሂድ።