ትልቁ ቢወድቅ ታናናሾቹ ይበቅላሉን?

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ የሚወስደውን መንገድ ይዞ የሚጓዝ ሰው የጢያን ትክል ድንጋዮች ካለፈ በኋላ ብዙም ሳይቆይ የሶዶ ወረዳ ዋና ከተማ ከሆነችው ከቡኢ ይደርሳል። እኛም በቅርቡ በዚያ ስናልፍ ዝናብ ስለ ያዘን ከአንድ ሻይ ቤት ገብተን ተቀመጥን። በግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን አሜሪካኖች ለትርዒት የሚያደርጉት፣ ልጆቹም «ሬስሊንግ» የሚሉት ትግል ይታይ ነበር። ከፊታችን ከተቀመጡት ሁለት ወጣቶች አንዱ በዩኒቨርሲቲ የሚማርና ለዕረፍት የመጣ፣ ሁለተኛው ከመሥሪያ ቤት ገና የተቀጠረ ነው። ተማሪው፣ «ይህ ኩባንያ ካልፈረሰ ሬስሊንግ አያድግም፤ ሁሉን ጠቅልሎ ይዞታል» አለ። ጓደኛው ደግሞ፣ «እሱ ቢፈርስ አንተ ምን ልታይ ነው?» ሲል መለሰለት።

ክርክሩ እየጋለ ሲሄድ የሻይ ቤቱ ባለቤት ብርጭቆ እያነሡ፣ «ልጆቼ፣ የአሜሪካኑን ተዉትና፣ ጊዮርጊስ ቢፈርስ ለኛ ኳስ ይበጀዋል ወይ? እስቲ እሱን ንገሩኝ» አሏቸው። ሁለቱም ዝም አሉ። ተማሪው የቡና፣ ጓደኛው የጊዮርጊስ ደጋፊ መሆናቸውን የተረዳነው በኋላ ነው።

ጥያቄው ከሻይ ቤት ጨዋታ የሚያልፍ ቁም ነገር ያለበት ሆኖ ስላገኘነው ለአንባቢዎቻችን ልናቀርበው ወደድን። ምክንያቱም ዛሬ በትምህርት ቤት ወንበር ላይ ያለው ወጣትና ትናንት ደመወዝ መብላት የጀመረው ሹም፣ ነገ በየከተማው ምክር ቤት ተቀምጠው ለኳስ ቡድን ይህን ያኽል ሚሊዮን ብር ይመደብ ወይስ ለውኃ ቧንቧ ይዋል የሚለውን የሚቈርጡት እነርሱ ናቸውና።

በመጀመሪያ ስለ አሜሪካው ትግል ጥቂት እንበል። ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ የተወሰነበት ትርዒት መሆኑን የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለንም። ዳሩ ግን ድብድቡ የይስሙላ ቢሆን ገንዘቡና ደመወዙ የይስሙላ አይደለም። ቀድሞ አገሪቱ በየአካባቢው ለየባለቤቱ የተከፋፈለች ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1948 የተቋቋመ አንድ ማኅበርም ባለቤቶቹ አንዱ የሌላውን ድንበር እንዳይጥስ ይጠብቅ ነበር። ቪንስ ማክማሃን የሚባለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1982 የአባቱን ኩባንያ ገዝቶ ይህን ድንበር ጣሰው፤ በቴሌቪዥን ኀይልም የየአካባቢውን ቡድን አንድ በአንድ ጨረሰው።

ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1995 ቴድ ተርነር የሚባለው ባለጸጋ ያቆመው ደብሊው ሲ ደብሊው የተባለ ኩባንያ በዚያው በሰኞ ማታ፣ በዚያው ሰዓት ተቀናቃኝ ትርዒት አቀረበ። ተቀናቃኙ 83 ሳምንት ተከታትሎ በተመልካች ብዛት በለጠ። ያን ጊዜ ታጋዩ በአንዱ ቤት ቢከፋው ወደ ሌላው ይሄድ ነበርና ዋጋው ወጣ፤ ተመልካቹም ከምንጊዜውም በላይ በዛ። እ.ኤ.አ. በማርች 2001 ማክማሃን ተቀናቃኙን ገዝቶ ዘጋው። እዚህ ላይ ልብ ልንል የሚገባን ነገር፣ የተዘጋው ኩባንያ ተመልካቾች ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ አሸናፊው አለመሻገራቸው ነው። ከነርሱ ብዙዎቹ ትግል ማየቱንም ተዉት። ያ የሰኞ ማታ ሕዝብ ከዚያ ወዲህ በዚያው ብዛት ተመልሶ አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2019 ኦል ኤሊት ሬስሊንግ የተባለ አዲስ ኩባንያ በሌላ ባለጸጋ ቤተሰብ ገንዘብ ሲቋቋም፣ ታጋዮቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ከብዙ ዓመት በኋላ የሚደራደሩበት ሁለተኛ በር አገኙ። እንግዲህ ትግሉን የጠቀመው ሁለት መሆናቸው ነው እንጂ የአንዱ መውደቅ አይደለም።

የእግር ኳሱን ነገር ለመመርመር ደግሞ የስኮትላንድን ያኽል ግልጽ ፈተና የለም። ከሁለቱ ታላላቅ ክለቦች አንዱ የነበረው ሬንጀርስ በዕዳ ተዘፍቆ እ.ኤ.አ. በ2012 ድርጅቱ ሲፈርስ፣ ቡድኑ ከአራተኛው እርከን እንዲጀምር ተፈረደበት፤ ወደ ዋናው ሊግ የተመለሰው በ2016 ነው። ታናናሾቹ ክለቦች ተደሰቱ፤ ቀናችንም መጣ አሉ። ሊጉን ግን ሰልቲክ ብቻውን ያዘው፤ እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2020 ዘጠኝ ጊዜ ተከታትሎ ሻምፒዮን ሆነ። አንዱ ግዙፍ ሲወጣ የቀረው ግዙፍ ባዶውን ቦታ ሞላው ማለት ነው። ይሁን እንጂ እውነቱን ሳናጓድል እንናገር ካልን፣ ሊጉ ተዘግቶ ሳለ በጥሎ ማለፉ ዋንጫ በኩል መስኮት ተከፍቷል። ሴንት ጆንስተን በ2014፣ ኢንቨርነስ በ2015 የስኮትላንድን ዋንጫ ወሰዱ፤ ሂበርኒያን ደግሞ ከ1902 ወዲህ አይቶት የማያውቀውን ዋንጫ በ2016 አነሣ፤ ያውም በፍጻሜው ራሱን ሬንጀርስን አሸንፎ። በአንድ ቀን ጨዋታ ታናሹ ሊያሸንፍ ይችላል፤ ዓመቱን ሙሉ ለመጽናት ግን ስንቅ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. በአራዳ ሰፈር በእነ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የተመሠረተ ክለብ ነው። በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲደረግ አብረውት የተሰለፉት የግሪክ፣ የአርመን፣ የጣሊያንና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድኖች ሲሆኑ ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። ዛሬ ወጣቶቻችን ጊዮርጊስ ከጥንት ጀምሮ ሁሉን ሲጨርስ የኖረ ይመስላቸዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በ1940ዎቹ ጦር ሠራዊቱና የአስመራ ክለቦች ዋንጫውን ይቀሙት ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ዋንጫው ድሬዳዋን ቤቱ አድርጎ ነበር፤ የጥጥ ማኅበር ቡድን በ1952፣ በ1954፣ በ1955 እና በ1957 ዓ.ም. አሸንፏል።

አገራችን የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣችው መቼ እንደ ሆነ አንባቢያችን ያስታውስ። ጥር 1954 ዓ.ም. ነው። በፍጻሜው የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ያሸነፈው ቡድን አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ከድሬዳዋው ጥጥ ማኅበር፣ ጎል ያገባው መንግሥቱ ወርቁ ከጊዮርጊስ ነበሩ። ቡድኑን ያሠለጠኑት ይድነቃቸው ተሰማም ለብዙ ዓመታት የጊዮርጊስ ተጫዋች የነበሩ ናቸው። ስለዚህ ያ ድል የተገኘው ጊዮርጊስ ባልነበረበት ዘመን ሳይሆን፣ ጊዮርጊስ እያለ ድሬዳዋና አስመራ እኩል በቆሙበት ዘመን ነው። አበው «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ያሉት ለሌላ ጉዳይ ቢሆንም እዚህም ይሠራል።

ጊዮርጊስን የማፍረሱ ነገርም በሐሳብ ብቻ የቀረ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ተሞክሯል። በደርግ ዘመን ክለቦች በየመሥሪያ ቤቱና በየፋብሪካው ሥር እንዲዋቀሩ በተደረገ ጊዜ የጊዮርጊስ ስም ጠፍቶ ቡድኑ የአዲስ አበባ ቢራ ፋብሪካ ተባለ። በዚያ ዘመን መጀመሪያ ዋንጫው በርግጥ ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋውሯል፤ ምድር ባቡር፣ የሐረሩ ኦጋዴን አንበሳና እርምጃችን የተባለው ቡድን ሁሉ ደርሷቸዋል። ዳሩ ግን በ1970ዎቹ መጨረሻ ያው ቡድን በቢራ ፋብሪካ ስም ተመልሶ ማሸነፍ ጀመረ። ሥርዓቱ ሲለወጥ የቀድሞው ስም ሲመለስ ደጋፊውም ከያለበት ተጠራርቶ ተገኘ። ከነዚያ ሁሉ ተቀናቃኞች ግን ዛሬ ስማቸውን የሚጠራ ወጣት ስንት ነው? ስም በትእዛዝ ይሻራል፤ ደጋፊን ግን በደብዳቤ ማሰናበት አይቻልም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ነው ተማሪውን ወዳጃችንን የሚያናድደው፤ ንዴቱም ያለ ምክንያት አይደለም። ፕሪሚየር ሊጉ ከተጀመረበት ከ1990 እስከ 2009 ዓ.ም. ከተደረጉት 20 ሻምፒዮናዎች 14ቱን የወሰደው ጊዮርጊስ ነው። ለቀሩት ሁሉ ስድስት ብቻ ተረፈ፤ መብራት ኀይል ሁለት፣ ሐዋሳ ሁለት፣ ቡናና ደደቢት አንድ አንድ። በክፍለ ሀገር አንድ ጎበዝ ልጅ በወጣ ቁጥር ዐይኑ የሚያየው ወደ አንድ ቤት ሆነ፤ እዚያ ደርሶ በተጠባባቂ ወንበር ላይ ጉልበቱን የጨረሰ እንዳለም ሁሉ ሰው የሚያውቀው ነው። ይህ ለሊጉ ጉዳት መሆኑን አንክድም። በሌላ በኩል ግን በ2009 ዓ.ም. ከአገራችን ክለቦች የመጀመሪያው ሆኖ ከአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ የምድብ ጨዋታ የደረሰው ይኸው ክለብ ነው። ብሔራዊ ቡድናችንም ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰው በዚሁ በጊዮርጊስ ዘመን፣ በ2005 ዓ.ም. ነበር።

አሁን ደግሞ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ያለውን እንመልከት፤ የክርክሩ እምብርት እዚህ ነውና። ግዙፉ ተነቃንቋል። በ2010 ጅማ አባ ጅፋር፣ በ2011 መቐለ 70 እንደርታ፣ በ2013 ፋሲል ከነማ፣ በ2016 ንግድ ባንክ፣ በ2017 መድን ሻምፒዮን ሆኑ፤ ጊዮርጊስ የ2014ንና የ2015ን ብቻ አገኘ። ተማሪው የተመኘው ነገር ደረሰ ማለት ነው። ታዲያ ያሸነፉት ምን ሆኑ? ጅማ አባ ጅፋር ሻምፒዮን በሆነ በአራተኛው ዓመት ከሊጉ ወረደ። ከዚያ አስቀድሞ የ2005 ሻምፒዮን የነበረው ደደቢት በ2011 ወርዷል። ሁለት ጊዜ ሻምፒዮን የነበረው መብራት ኀይልም በ2010 ወርዷል። የመቐለውን ቡድን ጦርነት ለዓመታት ከሊጉ አስወጣው፤ ይህ የኳስ ጥፋት አይደለምና ከዚህ ሒሳብ እናወጣዋለን። ንግድ ባንክና መድን የቆሙት በታላላቅ የመንግሥት ድርጅቶች ካዝና ነው።

እንግዲህ ነገሩን ጠጋ ብሎ ላየው፣ ጊዮርጊስን ግዙፍ ያደረገው የራሱ ጉልበት ብቻ ሳይሆን የጎረቤቶቹ ዕድሜ ማጠር ነው። እርሱ በደጋፊው፣ በቢራ ፋብሪካውና በባለጸጋው በሼኽ መሐመድ አል አሙዲ ድጋፍ ቆሟል። የክፍለ ሀገሩ ቡድን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚተዳደረው ከከተማ አስተዳደር በጀት ነው። ከንቲባው ኳስ ሲወድ ቡድኑ ያብባል፤ ከንቲባው ሲዛወር ቡድኑም አብሮ የተዛወረ ይመስላል። በ2011 ዓ.ም. ክለቦቹ የተጫዋች ወርኀዊ ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ መስማማታቸው በጎ ሐሳብ ነበር፤ ጣሪያ ግን ቤቱ ምሰሶ ከሌለው ምን ይሸከመዋል?

ከዚሁ ከጉራጌ ምድር የወጣውን ወልቂጤ ከተማን እንውሰድ። በ2011 ዓ.ም. ወደ ዋናው ሊግ ባለፈ ጊዜ የነበረው ደስታ እስከ ቡኢም ተሰምቷል። ጥቂት ዓመታት ከታላላቆቹ ጋር ተፎካከረ፤ በመጨረሻም የተጫዋች ደመወዝ ችግር ስሙን ተደጋግሞ አስነሣው፤ የ2017 ውድድርም ያለ ወልቂጤ ተካሄደ። ወልቂጤን ጊዮርጊስ ገፍቶ አላስወጣውም። ጊዮርጊስ ቢፈርስ ኖሮም የወልቂጤ ልጆች ደመወዝ አይከፈልም ነበር።

እኛ የሚገርመን ሌላ ነገር ነው። በ1950ዎቹ የጉራጌ ተወላጆች መንግሥት እስኪሠራልን አንጠብቅም ብለው፣ በአዲስ አበባ ያለው ነጋዴም በአገር ቤት ያለው ገበሬም ገንዘብ አዋጥቶ መንገድ የሚሠራ ማኅበር አቋቁመዋል። ትምህርት ቤትም በዚሁ መንገድ ተሠርቷል። እንግዲህ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ብር አዋጥቶ የራሱን ክለብ የሚያቆም አባል ማግኘት ከየትም ቦታ ይልቅ እዚህ ቀላል በሆነ ነበር። ክለቡም የአባላቱ እንጂ የአንድ ሹም ስላልሆነ ሹም ሲለወጥ አይለወጥም። ሃያ እንደዚህ ያለ ክለብ በአገሪቱ ቢኖር ኖሮ ግዙፉን ማፍረስ ለማንም ትዝ ባላለው ነበር። ከ2013 የውድድር ዘመን ጀምሮ የሊጉ ጨዋታዎች ለ5 ዓመት በ22.5 ሚሊዮን ዶላር ውል በቴሌቪዥን ሲሸጡ ለዚህ መነሻ የሚሆን ገንዘብ ገብቶ ነበር፤ ከክለቦቹ ስንቶቹ በርሱ ሜዳ ሠሩ፣ ስንቶቹስ ሕፃናት አሠለጠኑበት? ወጣቱ ሹም ከምክር ቤት ወንበር ላይ በተቀመጠ ቀን ይህን ጥያቄ ቢያነሣ መልካም ነው።

ዝናቡ ሲያባራ ከሻይ ቤቱ ወጣን። ተማሪው እስከ መኪናችን ሸኘን፤ አሁንም «ጊዮርጊስ ካልቀነሰ አይሆንም» የሚለውን ሐሳቡን አልለወጠም፤ እኛም ልናስለውጠው አልደከምንም። ከመንገዱ ዳር ከአንድ ሱቅ ፊት የኳስ ሹራቦች ተሰቅለው ነበር፤ ባለ ቪ ቅርጹ የጊዮርጊስ፣ የቡና፣ የአርሰናልና የማንቸስተር። የቡታጅራ ከተማ ቡድን ሹራብ እንዳለው ባለ ሱቁን ጠየቅነው። «እሱን የጠየቀኝ ሰው እርስዎ መጀመሪያዎ ነዎት» አለን።